አይገባውም ያለው ማነው?

መምህሩ፦ በቀጥታ ልጠይቅሽ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ እኔ ክፍል ስታስገቢው ምን እንዲያገኝ ነው? እኔ ፊደል አስቆጣሪ ነኝ፤ ሕክምና አላውቅም። የታመመ ልጅ መጀመሪያ ይዳን፣ ከዚያ ይማር።

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ «መጀመሪያ ይዳን» ካልን መቼም አይማርም። ይሄ እንደ ወባ መጥቶ የሚሄድ በሽታ አይደለም። ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ፣ ሲወለድ ወይም ገና ጨቅላ ሆኖ፣ በማደግ ላይ ያለ አንጎሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ጉዳቱ አይሰፋም፤ ወደ ጓደኞቹም አይተላለፍም። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። እኔ በፊዚዮቴራፒ የማግዘው በዚያ አካል የተሻለ እንዲኖር እንጂ ጉዳቱን ላጠፋለት አይደለም።

መምህሩ፦ አይሰፋም ትያለሽ። በአምስት ዓመቱ ድክ ድክ ይል የነበረ የጎረቤት ልጅ አሥራ ሁለት ሲሞላው እግሩ ተጣጥፎ ሲቀር አይቻለሁ እኮ።

ባለሙያዋ፦ ያዩት እውነት ነው። የአንጎሉ ጉዳት ባለበት ይቆማል፣ ሰውነቱ ግን ያድጋል። አጥንት ሲረዝም የተገተረው ጡንቻ እኩል አይረዝምም፤ ካልተፍታታ መገጣጠሚያው እንደታጠፈ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የሚውል ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ተደግፎ መቀመጥ፣ ተይዞ መቆም፣ እጅን ወደ ደብተር መዘርጋት ለኔ ሕክምና ናቸው፤ ለእርስዎ የክፍል ውሎ ናቸው።

መምህሩ፦ ወላጆቹን ስትጠይቂ አንዷ መጋኛ ነው ትላለች፣ ሌላው የአያት እርግማን ነው ይላል። አንቺ ምን ትያለሽ?

ባለሙያዋ፦ መንስኤው ብዙ ነው። ያለጊዜው መወለድ፣ በምጥ መርዘም ታፍኖ ሳያለቅስ መቆየት፣ ሳይታከም የቆየ ኃይለኛ የአራስ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል ላይ የወጣ ወባ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል በ1862 እ.ኤ.አ. ነገሩን ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያይዞ ጻፈ። በ1897 ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድ፣ በኋላ በሥነ ልቦና ስሙ የገነነው ማለት ነው፣ ወሊዱ ራሱ የከበደው ከዚያ በፊት በማህፀን በተፈጠረ ችግር ሊሆን ይችላል ሲል ጠየቀ። ዛሬም ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀር ልጅ አለ። እናት አጠፋች የሚያሰኝ ነገር ግን የለም። እርግማን ነው ሲባል የሚጎዳው ልጁ ነው፤ ሰው እንዳያየው ጓዳ ይገባል።

መምህሩ፦ እሺ፣ ከጓዳ አውጥተን ክፍሌ አስቀመጥነው እንበል። አይናገርም። ለሃጩ ይዝረከረካል። ስሙን ስጠራው አንገቱ ወደ ሌላ ይዞራል፣ እጁ በራሱ ይወራጫል። እኔ የማስተምረው ምን እንዲገባው ነው?

ባለሙያዋ፦ አሁን የዘረዘሩልኝ ሁሉ የጡንቻ ሥራ ነው። መናገር የምላስ፣ የከንፈርና የትንፋሽ ቅንጅት ነው። ለሃጭ መዋጥ የጉሮሮ ሥራ ነው። ስማቸውን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ለመዞር ሲሞክሩ ሰውነታቸው ወደ ተቃራኒው የሚጎትታቸው ልጆች አሉ። ከእነዚህ አንዱም ስለ ማሰቡ የሚነግረን ነገር የለም።

መምህሩ፦ ሁሉም ውስጣቸው ብሩህ ነው ልትዪኝ ነው?

ባለሙያዋ፦ አልልም። በጥናት የተሰበሰበው መረጃ ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከሦስት አንዱ እንደማይራመድ፣ ከአራት አንዱ እንደማይናገር፣ ከሁለት አንዱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት እንዳለበት ያሳያል።

መምህሩ፦ ራስሽ ተናገርሽው። ከሁለት አንዱ!

ባለሙያዋ፦ አዎ። የቱኛው እንደሆነ ግን ከፊቱ አይነበብም። እጅና እግሩ ፈጽሞ የማይታዘዝለት ልጅ የሚሉትን ሁሉ ሊከታተል ይችላል፤ ሮጦ የሚገባው ደግሞ ላይከታተል ይችላል። አን ዶኔላን የምትባል አሜሪካዊት የትምህርት ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. ያነሳችው ሐሳብ አለ። ማስረጃ ሳይኖረን መወሰን ካለብን፣ ብንሳሳት ጉዳቱ የሚያንሰውን ግምት እንያዝ ትላለች። ይገባዋል ብለን አስተምረን ባይገባው ጥቂት ድካም ባከነ። አይገባውም ብለን ትተነው ይገባው ከነበረ ግን አንድ ሙሉ ዕድሜ ቀማነው።

መምህሩ፦ «ጥቂት ድካም» ያልሽው ላይ አልስማማም። ያ ልጅ በእነዚያ ዓመታት ማንኪያ መያዝ፣ ሽንቱ ሲመጣ ማሳወቅ፣ ልብሱን ማውለቅ ሊለምድ ይችል ነበር። አንቺ ሀ ሁ ስታስቆጥሪው ያ ዕድሜ ያልፋል። እናቱ ደግሞ ነገ ተነሥቶ ያነብልኛል ብላ ትጠብቃለች። ተስፋዋ ሲሰበር አንቺ ሌላ ወረዳ ተዛውረሻል። የዚህን ዋጋ ሚዛንሽ ላይ አላስቀመጥሽም።

ባለሙያዋ፦ ልክ ነዎት፣ ይቀመጥ። ግን ማንኪያና ፊደል የሚሻሙ አይመስለኝም። ሽንቴ መጣ ብሎ ለማሳወቅ ልጁ አስቀድሞ «አዎ» እና «አይደለም» የሚልበት መንገድ ያስፈልገዋል። ያንን መንገድ ካገኘ ለመጸዳጃውም ለሒሳቡም ያገለግለዋል። ግምቴ መነሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይፈተሻል፣ ካልሆነም ይቀየራል።

መምህሩ፦ በምን ይፈተሻል? የኛ ሰው አዎ ሲል ቅንድቡን ያነሳል። ይሄ ልጅ ፊቱ በራሱ ይንቀሳቀሳል። ቅንድቡ በተነሳ ቁጥር መለሰልኝ ልበል?

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ ልጁ ሲፈልግ የሚታዘዝለትን አንድ እንቅስቃሴ እንፈልጋለን። ለአንዱ ቅንድብ ነው፣ ለሌላው ዓይን ወደ ላይ ማንሳት፣ ለሌላው ጉልበቱን መግፋት። ከዚያ «ላም ሣር ትበላለች?» ብለን እንጠይቃለን፤ ቀጥለን «ላም ትበራለች?» እንላለን። ቅደም ተከተሉን እየለዋወጥን፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው አፍ እንደግመዋለን። አንዱን ጥያቄ በግምት መመለስ ቀላል ነው። አሥር አዎና አይደለም ጥያቄ ሁሉንም በግምት ለማግኘት ያለው ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ነው።

መምህሩ፦ ይሄ መልካም ነው። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እናት የልጇን እጅ ይዛ ታጽፈዋለች፤ «ጋሼ፣ ተመልከቱ ጻፈ» ትለኛለች። የጻፈችው እሷ ናት።

ባለሙያዋ፦ ይህን እኔም አጥብቄ እቃወማለሁ። እጅ ደግፎ ማጻፍ በአውስትራሊያና በአሜሪካ በሰፊው ተሠርቶበት ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲመረመር ለልጁ አንድ ሥዕል፣ ደጋፊው ለሆነው ሰው ሌላ ሥዕል ታየ። የሚጻፈው ደጋፊው ያየው ሆኖ ተገኘ። ደጋፊዎቹ እያታለሉ አልነበረም፤ እጃቸው እንደሚመራ አያውቁትም ነበር። ስለዚህ የልጁን እጅ ማንም አይያዝ። ጥያቄውን የሚያነብ ሰውም መልሱን ባያውቀው ይመረጣል።

መምህሩ፦ እጁ ካልተያዘ፣ አፉም ካልተናገረ በምን ይጽፋል? ውድ ኮምፒውተር ከውጭ ይምጣልኝ እንዳትዪ።

ባለሙያዋ፦ መሣሪያው ግድግዳዎ ላይ ተለጥፏል። የፊደል ገበታው ነው።

መምህሩ፦ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል በዓይኑ ሊመርጥ?

ባለሙያዋ፦ ገበታችን የተደረደረው ለዚህ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ነው። ወደ ታች 33 ቤት፣ ወደ ጎን 7 ሆሄ። ልጁ መጀመሪያ ቤቱን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እየተባለ ሲቆጠርለት የሚፈልገው ላይ ቅንድቡን ያነሳል። «ውሃ» ለማለት የ«ወ» ቤት ላይ ሳድስ፣ የ«ሀ» ቤት ላይ ራብዕ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ለጊዜው ካወጣናቸው 28 ቤት ይቀራል። ሃያ ስምንቱን በአራት ክፍል እየሰባት ሰባት ብንመድባቸው፣ ቢበዛ በአሥራ ስምንት ቆጠራ የፈለገውን ፊደል ያገኛል።

መምህሩ፦ ቢበዛ አሥራ ስምንት ለአንድ ፊደል። ባለ አራት ፊደል ቃል ሰባ ሁለት ይደርሳል። ክፍለ ጊዜዬ አርባ ደቂቃ ነው፣ ክፍሌ ውስጥ ስልሳ ልጅ አለ። አንዱ «ኢትዮጵያ» ብሎ እስኪጨርስ ሌሎቹ ምን ይሁኑ?

ባለሙያዋ፦ ሁሉን ነገር ፊደል በፊደል አይልም። ክፍል ውስጥ ሲጠይቁ ምርጫ ይስጡት። አንድ ሰሌዳ አራቱ ማዕዘን ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይጻፍበት፤ ወደ አንዱ በማየት ይመልሳል። ፊደል እየመረጠ መጻፍ የቤት ሥራና የእረፍት ሰዓት ነው። ገበታውን የሚቆጥርለት ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠ ጓደኛው ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ሆሄ ለሌላ ሰው ደጋግሞ የሚያነብ የአንደኛ ክፍል ልጅ ራሱ ፊደል አይለምድም?

መምህሩ፦ ይለምዳል። ግን ተማሪን ረዳት አድርጎ መቅጠር ይሆንብኛል፤ እሱም የራሱ ትምህርት አለው።

ባለሙያዋ፦ በተራ ይሁን፣ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ አይውደቅ። እርስዎ ዘንድ የሚቀረው ትልቁ ነገር መጠበቅ ነው። ጠይቀው ወዲያው ወደ ሌላው አይለፉ። ጥያቄው አንጎሉ ይደርሳል፤ መልሱ ግን ወደ ጡንቻ ለመውረድ ጊዜ ይወስዳል። «ቶሎ በል» ሲባል ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ጡንቻው ይከራል፣ ሲከር ጭራሽ ይጠፋበታል። በዱላ ጠረጴዛ መምታትም እንደዚሁ ነው፤ ሌላውን ዝም ያሰኛል፣ እሱን ግን ከመቀመጫው ሊያስወነጭፈው ይችላል።

መምህሩ፦ የት ላስቀምጠው? እስካሁን እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ በር አጠገብ፣ ዳር ላይ ነው የምናስቀምጠው፤ መውጫ እንዲቀርበው።

ባለሙያዋ፦ ዳር ተቀምጦ ሰሌዳውን ለማየት አንገቱን ያዞራል። አንዳንዶቹ ላይ አንገት ወደ አንድ ጎን ሲዞር በዚያው በኩል ያለው ክንድ በራሱ ይዘረጋል። እርሳስ የያዘበት እጅ ከሆነ ከደብተሩ ላይ ሸሸ ማለት ነው። እርስዎ መጻፍ አቃተው ይላሉ፤ ያገደው ቦታው ነው። ሰሌዳውን ፊት ለፊት ያድርጉለት። መቀመጫው ላይ ዳሌው ወደ ኋላ ይጠጋ፣ ጉልበቱ ይታጠፍ፣ የእግሩ መርገጫ ባይደርስ ሳንቃ ይደረግለት፣ ጠረጴዛው ክርኑ ድረስ ይምጣ። ዚምባብዌ ውስጥ ቤቪል ፓከር የተባለ መምህር ከአሮጌ ካርቶንና ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየደራረበ ጠንካራ ወንበር መሥራት አስተምሮ ነበር። የአገር ዱቄትና ካርቶን ይበቃዋል፤ ልኩን እኔ እለካለሁ።

መምህሩ፦ ክፍል ውስጥ ቢጥለውስ?

ባለሙያዋ፦ ከአራት አንዱ የሚጥል በሽታ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ሊገጥምዎት ይችላል። በጎኑ ያስተኙት፣ ራሱ ሥር ልብስ ያድርጉለት፣ ሰዓት ይመልከቱ። አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም አይረዳውም። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

መምህሩ፦ እስካሁን የነገርሽኝ ሁሉ የኔን ሥራ የሚመለከት ነው፤ እሞክረዋለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ክፍሌ ሦስት ደረጃ ወጥቶ ነው የሚገባው። መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ጉድጓድ ነው። ልጁን አዝላ የምታመጣው እናቱ ናት፤ ወስዳ የምታስቀምጠውም እሷ ነች። አንድ ቀን ሽንቱ ቢመጣ ማን ይወስደዋል? ስለዚህ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ትውላለች። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ስትውል ቤቱ ይራባል። እናንተ አካቶ ትምህርት ስትሉ ወጪውን የሚከፍለው ማነው? የሴትየዋ ጀርባ ነው።

ባለሙያዋ፦ ይህ እስካሁን ካነሷቸው ሁሉ ከባዱ ነው። ለጉድጓዱ መሀሉ የተቀደደ ወንበር ይሠራለታል፣ ለደረጃው መወጣጫ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅም፣ ቁጥር 624/2001፣ አካል ጉዳተኛ የሚገለገልበትን መንገድ አዝዟል። የሚያነሳው ረዳት ግን ሰው ነው፤ ደመወዝ ይፈልጋል። እሱ ከሌለ እናትየው እንደምትከፍል አልክድም።

መምህሩ፦ አዋጅ ቁጥሩ ደረጃዬን ዝቅ አላደረገውም። እንግዲህ ስሚኝ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሳላማንካ፣ ስፔን ላይ 92 መንግሥታት ተሰብስበው እነዚህ ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤት ይማሩ አሉ። ጥሩ። ለሚያስተናግደው ክፍል ግን ምንም ሳይሰጡ «ገብቷል» ብሎ መቁጠር ለባለሥልጣን ይቀላል። ልጁ ሪፖርት ላይ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ ክፍሌ ውስጥ ግን ተቀምጦ የሚውል ነው። ተቀምጦ መዋል ትምህርት አይደለም። ቡዳፔስት ውስጥ አንድራሽ ፔቶ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ብቻ ተቋም ከፍቶ፣ እንቅስቃሴውንም ትምህርቱንም አንድ ላይ የሚሰጡ ባለሙያዎች አሠለጠነ። ለምን እንደሱ አናደርግም? ዕውቀቱንም ገንዘቡንም አንድ ቦታ ሰብስበን በደንብ እናስተምራቸው።

ባለሙያዋ፦ ምርጫው በጥሩ ልዩ ትምህርት ቤትና በደካማ መደበኛ ክፍል መካከል ቢሆን ኖሮ እኔም ጎንዎ እቆም ነበር። እኛ ዘንድ ግን ምርጫው እንደዚያ አይቀርብም። ልዩ ተቋም ቢከፈት አዲስ አበባ ወይም አንድ ትልቅ ከተማ ነው የሚከፈተው። ከደብረ ታቦር ገጠር፣ ከቦረና ያለች እናት ልጇን ለማን ሰጥታ ትመለሳለች? ሰባት ዓመት የሞላው፣ እናቱ ብቻ የምትሰማው ልጅ እኮ ነው። ለእሱ ያለው ምርጫ የእርስዎ ክፍል ወይም ጓዳው ነው። ተቀምጦ መዋል ትምህርት አይደለም ካሉ፣ ተኝቶ መዋልስ?

መምህሩ፦ ጓዳው ሁልጊዜ ጨለማ አይደለም። ክሪስቲ ብራውን የሚባለው አየርላንዳዊ ደራሲ የታዘዘለት ግራ እግሩ ብቻ ነበር። በጠመኔ ፊደል ያስጻፈችው እናቱ ናት፣ ያውም ቤቷ ውስጥ። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። እናትን ማስተማርና ቤት ድረስ መደገፍ ከኔ ስልሳ ልጅ መሀል ከመጣል አይሻልም?

ባለሙያዋ፦ የብራውን እናት ፊደል ታውቅ ነበር። የኛዋ ፊደል ካልቆጠረችስ? ደግሞ ብራውን ቤቱ ውስጥ ብዙ ወንድምና እህት ነበረው፤ ጋሪ ላይ ጭነው ሰፈሩን ያዞሩት ነበር። ልጅ የሚማረው ከመምህሩ ብቻ አይደለም፤ ከእኩዮቹ ስድብም፣ ጨዋታም፣ ጓደኝነትም ይማራል። እነዚያ ስልሳ ልጆችም ነገ ሐኪም፣ ዳኛ፣ የሕንፃ መሐንዲስ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ልጅ አብሯቸው ካልተማረ ደረጃውን ደግመው ይሠሩታል።

መምህሩ፦ ይሁንና መጨረሻው ፈተና ነው። በእኔ ትዕግሥት ስምንተኛ ክፍል ደረሰ እንበል። ከዚያ 12ኛ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተማሪ ከቤቱ ርቆ ያድራል። ማን ያበላዋል፣ ማን ያስተኛዋል? ጥያቄው እየገባው ጊዜው ካለቀበት፣ እኔ ዓመታት ያሳደግኩት ተስፋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይወድቃል።

ባለሙያዋ፦ ተጨማሪ ሰዓት፣ የሚጽፍለት ሰው፣ አጋዥ አብሮት እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው ከታች ጀምሮ መዝገብ የሚያስፈልገው። አንደኛ ክፍል ላይ «በዓይኑ ይመልሳል፣ እጥፍ ሰዓት ይፈልጋል» ተብሎ በፋይሉ ከተጻፈ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ሲጠየቅ ልዩ ውለታ አይሆንም፤ የተለመደ አሠራሩ ነው። ያልተጻፈለት ልጅ ግን የፈተናው ዕለት እንደ አዲስ ይለምናል።

መምህሩ፦ እንግዲህ መለኪያዬን ልንገርሽ። ዓመቱ ሲያልቅ ይህ ልጅ መስከረም ላይ የማያውቀውን፣ ሰኔ ላይ የሚያውቀውን አንድ ነገር ማሳየት አለብሽ። ካላሳየሽ ክርክርሽ ወድቋል፤ ልጁም መኖሩ ብቻ ተቆጥሮለታል።

ባለሙያዋ፦ እቀበላለሁ። ግን መለኪያው ለሁሉም ይሁን። ሁለተኛ ክፍል ደርሰው አንዲት ቃል ማንበብ የማይችሉ፣ እጅና እግራቸው ግን ሙሉ የሆነ ልጆች በአገራችን የንባብ ምዘናዎች በብዛት ታይተዋል። እነሱን ትምህርት ቤት አይገባችሁም ያላቸው የለም። ማስተማሩ ይሻሻል ተባለ እንጂ።

መምህሩ፦ እኩል ይመዘን ካልሽ እኩል ይሰጠው። ረዳት ሳይቀጠር፣ መጸዳጃው ሳይስተካከል፣ እኔም ሳልሠለጥን ከተመዘነ፣ የወደቀው ትምህርት ቤቱ ሆኖ ሳለ «ልጁ ወደቀ» ተብሎ ይጻፋል። አንቺም፣ እኔም፣ ወረዳውም ነፃ እንወጣለን። ያንን ነው የምፈራው።

ባለሙያዋ፦ ፍርሃትዎ እውነት ነው። እኔ የምፈራው ደግሞ ሁሉ ነገር እስኪሟላ እንጠብቅ ስንል ሰባት ዓመቱ አሥራ ሰባት እንዳይሆን ነው። መዝገብዎ ላይ ስሙ ካለ፣ ለምን አልተማረም ብሎ ወረዳውን የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ መነሻ አለው። ስሙ ከሌለ ግን ረዳት ለማን ይቀጠር? መወጣጫውስ ለማን ይሠራ?

መምህሩ፦ ስሙን እጽፋለሁ። ግን ከስሙ አጠገብ የጎደለውን ሁሉ ዘርዝሬ እጽፋለሁ፤ ረዳቱን፣ ወንበሩን፣ መጸዳጃውን። አንቺም ትፈርሚበታለሽ።

ባለሙያዋ፦ እፈርማለሁ። እናቱም ትፈርም፤ የምትውልበት ሰዓትም በዝርዝሩ ይግባ።